ግዝቱን ያስፈታሁት እኔ ነኝ

ቡሬ መናኸሪያ በር ላይ አንዲት ሴት ሦስት እስር እንጨት ደርድራ ተቀምጣ ነበር። ከፍኖተ ሰላም የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ማንኩሳ ላይ ብዙ ስለቆመ ወገቤ ተይዟል፤ ሐሳቤ ቶሎ ባጃጅ ይዤ ወደ ገጠር መውጣት ነበር። ሽታው ግን አስቆመኝ። ወይራ ነው። ቡሬ የሚሸጥ ማገዶ ባሕር ዛፍ ነው፤ ካልሆነም ከአዊ በኩል የሚመጣ፣ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ። ወይራ እንዲህ በእስር ሲሸጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ከየት ነው የመጣው?» አልኋት።

የመንደሬን ስም ጠራችልኝ። ከደብሩ ዱር ነው አለች፣ ከገደሉ በላይ ካለው፤ ፍሙ ጥሩ ነው፣ ቶሎ አያልቅም።

«ያ ዱር ግዝት አይደለም እንዴ?»

ቀና ብላ ከጫማዬ እስከ ሻሼ አየችኝ። «ድሮ ነዋ እታለም» አለችኝ። «አሁንማ ተፈትቷል። የቢሮ ሰዎች መጥተው አስፈቱት አሉ።»

የቢሮ ሰዎች አልነበሩም። እኔ ነበርሁ፤ አንዲት ሴት፣ ያውም የዚያው ደብር ልጅ። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ውጬ የሦስቱንም እስር ዋጋ ሰጠኋትና እንጨቱን እዚያው ትቼላት ተነሣሁ። «ነይ ውሰጅ! እኔ ለማኝ ነኝ እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ። ልክ ነበረች። ተመልሼ የቻልሁትን አንዱን እስር ተሸክሜ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ባለ ባጃጁ ወደ ገጠር እንጨት ይዛ የምትሄድ ሴት አይቼ አላውቅም ብሎ እስኪበቃው ሳቀብኝ።

አባቴን አላውቀውም፤ ጡት ሳልጥል ነው የሞተው። ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሙ ናቸው። የደብሩ ቄስ ነበሩ፤ «አባባ» እያልሁ ነው ያደግሁት። ባለቤታቸውን «እማማ» እላቸዋለሁ። እማማ ወገናቸው አዊ ነው። አማርኛውን ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ ሰው እንዲሰማባቸው የማይፈልጉትን ነገር ግን በአገውኛ ነው የሚናገሩት። እኔ ከእሳቸው አገውኛ አለመማሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዱሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይጀምርና ገደሉን ይዞ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ዙሪያው ሁሉ በቆሎና በርበሬ፣ ዳጉሳና ባሕር ዛፍ ሲሆን እሱ ብቻ እንደ ድሮው ቀርቷል። ዝግባ አለው፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ። ከላይ ጉሬዛ ይዘላል፤ ከሥር ድኩላ ያድራል። ጉሬዛን እኛ መነኩሴ ነው የምንለው፤ ቅጠሉን በልቶ፣ የሰው ማሳ ሳይነካ፣ ከዛፉ ሳይወርድ ይኖራል። ዝንጀሮን ሲረግም የሚውል ገበሬ ጉሬዛን ሲያይ ደስ ይለዋል።

ይህን ሁሉ የጠበቀው አጥር አልነበረም፤ ዘብም አልነበረም። ግዝት ነው። ማን እንደገዘተው የሚያስታውስ የለም፤ ከአባባ በፊት ከነበሩት ቄስ በፊት የነበሩት ናቸው ይባላል። መስቀላቸውን ይዘው «በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻለሁ» ብለው ነበር አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ከዚያ ዱር ቅርንጫፍ የቆረጠ አይቆርብም፣ ሳይፈታ ቢሞትም ፍትሐት አይደገምለትም። ልጆች ሆነን ከጅብ ይልቅ የሚያስፈራን ይህ ነበር፤ ሳይፈቱ መሞት።

ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ አይቀርም፣ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ የወደቀች ደረቅ ጭራሮ አንሥቼ ቤት ገባሁ። ክንዴን አታክልም። እማማ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር፤ ጭራሮዋን ሲያዩ እጃቸው ቆመ። «ከየት አመጣሻት?» አሉኝ። ነገርኋቸው። አባባን ጠሩ። አባባ አልተቆጡኝም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው እጄን ያዙና ወደ ዱሩ ወሰዱኝ። «የት ነበረች? ጫፏስ ወዴት ነበር?» እያሉ ያችን ጭራሮ እንደ ነበረች አስተኛኋት። ከዚያ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው «እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ» አሉኝ። እኔ እንባዬ አልቆም አለ። ስንመለስ ይስቁብኝ ጀመር፤ «ለጭራሮ ይህን ያህል ያለቀስሽ፣ ግንድ ብትወስጂ ኖሮ ወንዙ ይሞላ ነበር» አሉኝ።

ያቺ ልጅ አደገችና ስለ ዱር እንስሳት ተማረች። ፍኖተ ሰላም ሥራ ያዘች። ያ ዘመን ሁላችንም ስለ አንድ ነገር የምናወራበት ነበር፤ የመንግሥት በጀት ለዘብ ደመወዝ እንኳ አይበቃም፣ ስለዚህ ዱር ራሱን በራሱ ማኖር አለበት። እንዴት? ጎብኚ ይመጣል፣ ለመግቢያ ይከፍላል፤ ከዚያ ላይ ለዘቦቹ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለመንደሩ ማኅበር ይደርሳል። ከውጭ የመጣ ድርጅት የእግር መንገዱንና ማረፊያውን ያሠራል፣ የመንግሥት ቢሮው ፈቃዱን ይሰጣል፣ መንደሩ ይጠብቃል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ዛሬም ክፉ ነው ብዬ አልምልም። እንዲህ ሠርቶ የተረፈ ዱር ሌላ ቦታ እንዳለ አውቃለሁ።

ድርጅቱ የቀጠረኝ አፌ ስለሚሠራ ነው። ለፈረንጆቹ መንደሩን፣ ለመንደሩ ፈረንጆቹን እተረጉማለሁ። «ሽርክና» የሚለው ቃል ለገበሬው ነጋዴ ነጋዴ ሸተተው፤ ስለዚህ በስብሰባው ላይ ተነሥቼ «እንደ የእኩል እርሻ ቁጠሩት» አልሁ። «አንዱ በሬ ያወጣል፣ አንዱ ዘር፣ አንዱ መሬት። ምርቱን ይካፈላሉ።» ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አብሮኝ ፊደል የቆጠረ አንድ ጎረቤታችን ከኋላ ሆኖ «በሬው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የእንግዶቹ ነዋ» አልሁት፤ ተሳቀ። በኋላ የዘቦቹ አለቃ የሆነው እሱ ነው።

ነገሩ የተሰናከለው መንገዱ ሊጠረግ በተባለበት ቀን ነው። ገጀራና መጥረቢያ የያዙ ዐሥራ ምናምን ጎልማሶች ዱሩ ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። የቀን አበሉ ጥሩ ነበር። ማንም እጁን አላነሣም። «ግዝት ነው፤ ልጆች አሉን» አለኝ አንዱ። ከአለቆቼ ስልክ ላይ ስልክ ይደወላል፤ የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ነው፣ ሥራው ካልተጀመረ ገንዘቡ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ቁጣ ይቀድመኛል፤ «አንድ ቁጥቋጦ ለመመንጠር ሲኖዶስ ይጠራ እንዴ!» ብዬ ጮኽሁባቸው። አንገታቸውን ደፉ እንጂ አልተንቀሳቀሱም። ዛሬ ሳስበው ያን ቀን በዚያ ቦታ ሞኟ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ወደ አባባ ሄድሁ። ከቅጥሩ በር አጠገብ አንድ ትልቅ ዝግባ አለ፤ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚያቅፈው። ከቅዳሴ በኋላ ሥሩ ተቀምጠው ሰው የሚያስታርቁት፣ የሚመክሩት እዚያ ነው። እማማም አጠገባቸው ነበሩ።

«አባባ፣ ግዝቱ ይፈታልን» አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ለመንገዱ ነው?»

«ለመንገዱ፣ ለማረፊያው፣ የማኅበሩ የንብ ቀፎ ለሚሰቀልባቸውም ዛፎች።»

«እንግዲያው ለእነሱ ብቻ እፈታለሁ። ሌላው እንደ ታሰረ ይቆይ።»

ይህን ማለታቸው ነበር ልክ። እኔ ግን መንገዱ በየት እንደሚያልፍ ገና እንዳልተቆረጠ አውቃለሁ፤ የለካው ሰው ሁለት ጊዜ ቀይሮታል። ለሠራተኛው እስከዚህ ተፈትቷል፣ ከዚህ ወዲያ አልተፈታም ብንለው መጥረቢያውን ጥሎ ቤቱ ይገባል። «አባባ፣ አይዘርዝሩት» አልኋቸው። «ሰው ግራ ይጋባል። ባንድ ቃል ይፍቱት።»

«ከዚያ በኋላ ማን ይጠብቀዋል?»

«የእንግዶቹ ገንዘብ ይጠብቀዋል።»

«እንግዳ የቀረ እንደሆነስ?»

ሳቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁባቸው። «እንግዳ አይቀርም አባባ» አልኋቸው። እማማ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው በአገውኛ አንድ ነገር አሉ። አባባ ሰምተዋቸዋል፤ ግን አልመለሱላቸውም።

እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። አንድ ሰው፣ ማንም ቢሆን፣ ፍኖተ ሰላም ካለ ቢሮ መጥቶ ቢጠይቃቸው እምቢ ይሉት ነበር። እኔ ስለጠየቅኋቸው ነው። ገበያ ላይ ሳይቀር ያገኙትን ሁሉ እየያዙ «የተማረች ልጄ» የሚሉኝን እኔን ማሳፈር አልቻሉም። ያን ፍቅር እንደ ገጀራ ነው የተጠቀምሁበት።

የሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አቁመው መስቀላቸውን ወደ ዱሩ አነሡ። «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ፣ ሦስት ጊዜ። አሜን የሚለው የሕዝብ ድምፅ ዘግይቶ፣ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ሰኞ ጠዋት መጥረቢያው ሥራ ጀመረ፤ እኔም ለአለቆቼ ደስ ብሎኝ ደወልሁ።

ደጉን ዘመን ብክደው ግፍ ይሆንብኛል። እንግዶች መጡ። ብዙ አልነበሩም፣ ግን መጡ። ከደምበጫና ከፈረስ ቤት ተማሪ በመኪና ተጭኖ ይመጣ ነበር፤ ገብተው ሲንጫጩ ጉሬዛው ሁሉ ወደ ገደሉ ይሸሻል። ረጅም መነጽር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ፈረንጆች አንዲት ወፍ ለማየት ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ሐውልት መስለው ይቆማሉ። አባባ ይህን ነገር አላምን ብለው ነበር። «ወፍ ለማየት ባሕር ተሻግረው መጡ?» አሉኝ። «እኛ እኮ ወፍ የምንጠብቀው ከማሳ ላይ ለማባረር ነው።» ቢሆንም ወደዷቸው። ዝግባው ሥር አስቀምጠው ጠላ ያስቀዱላቸዋል፤ የእግዚአብሔር እንግዳ ብለው ነው እንጂ ከፋይ ናቸው ብለው አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ተቀየረ። አራት ዘቦች የደንብ ልብስ ለበሱ፤ አለቃቸው ያ ጎረቤታችን ካፖርቱን በበጋ ጠራራ ሳይቀር አያወልቅም ነበር። አንድ ሌሊት ከገደሉ ማዶ መጥተው ዋንዛ ሊቆርጡ የነበሩ ሰዎችን ብቻውን መልሷቸዋል።

መጀመሪያ በሽታው መጣ፤ ዓለም ሁሉ በሩን ዘጋ። ያልፋል አልን፣ አለፈም፤ ጥቂቶች ተመለሱ። ከዚያ አገሩ ሰላም አጣ፣ መንገዱ ተዘጋ። ኔትወርክ ጠፋ። ድርጅቱ «ላልተወሰነ ጊዜ» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈልንና ወጣ፤ የሚመጣ ሰው በሌለበት ምን ይሠራል፣ አልፈርድበትም። እኔ ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ለወራት መሄድ አቃተኝ። ቡሬ እኮ እዚያች ናት። ከእንግዶቹ አንዷ ከአገሯ «ጉሬዛዎቹ ደኅና ናቸው?» ብላ ጽፋልኝ ነበር፤ ኔትወርክ ሲመለስ አገኘሁት። ምን ብዬ ልመልስላት? አላውቅማ።

ያን የሰኔ ቀን፣ እስር ወይራ ይዤ ከቡሬ የተነሣሁ ቀን፣ መንገዱ ትንሽ ቀለል ብሎ ነበር። ባጃጁ ከሚደርስበት ወርጄ በእግሬ ሄድሁ። ከኮረብታው ላይ ዱሩን ሳየው ቆምሁ። ከበታቹ፣ ከወንዙ በኩል፣ ሰማይ ይታይበታል። በልጅነቴ ከዚያ ቦታ ሰማይ አይታይም ነበር።

መጀመሪያ ያገኘሁት ያን ጎረቤታችንን ነው። ካፖርቱ አሁንም ላዩ ላይ ነው፤ ቁልፎቹ አልቀዋል። ትከሻው ላይ መጥረቢያ አለ። መጥረቢያውን አልደበቀም፤ ይህ ከሁሉ በላይ አስደነገጠኝ።

«አንተ ነህ?» አልሁት።

«የመጀመሪያውን አዎን፣ እኔ ነኝ» አለኝ። «ስምንት ወር ያለ ደመወዝ ጠበቅሁት። አምላክ ምስክሬ ነው። ልጆቼ ሲታመሙ አንድ ወይራ ጣልሁና ቡሬ አወረድሁ። እኔ ስጥል ያየ ጣለ።»

ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ቀደመኝ።

«ያኔ የእኩል እርሻ ነው ብለሽን ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «በሬው ሲቀር መሬቱ ጦም ያድራል እህቴ። ጦም ያደረ መሬት ላይ ደሞ ያገኘ ሁሉ ያሰማራል። በፊት እኮ ዘብም አያስፈልገውም ነበር። እኛው ነበርን ፈርተን የምንጠብቀው።» የያዝሁትን እስር ተቀብሎኝ እስከ አባባ ቤት አደረሰኝ። በመንገድ ላይ ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፤ ሁለቱ ድነዋል፣ ስለ ትንሿ አልነገረኝም፣ እኔም አልደገምሁም።

አባባ መደቡ ላይ ተጋድመው ነበር። ከስተዋል። ጎረቤታችን እንጨቱን ተሸክሞልኝ ሲያዩ ፈገግ አሉ። «ለጭራሮ ያለቀስሽ ልጅ ዛሬ እስር አስይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ። ጉልበታቸው ሥር ወድቄ አለቀስሁ። እማማ እንጨቱን ከበር ላይ አንሥተው ወደ ምድጃው ወሰዱት፤ እንጨቱ ምን አጠፋ አሉ።

«አባባ፣ ይግዘቱልኝ» አልኋቸው። «እንደ ገና ይሰሩት። እርስዎ ካሉ ሰው ይሰማል። ግማሹ እኮ ገና ቆሟል።»

«ልጄ፣ በገንዘብ የፈታሁትን በምን ልሰረው?»

«በመስቀልዎ። እንደ ጥንቱ።»

ወደ ምድጃው ዞሩ። ወይራው ተያይዞ ይንጣጣ ነበር። «ቀላል ነው መግዘቱ» አሉኝ በመጨረሻ። «ነገ ቆሜ ገዝቻለሁ እላለሁ። ከነገ ወዲያ ያቺ ቡሬ ያየሻት ሴት ልጆቿን ልታበላ ትቆርጣለች። ጎረቤታችን ይቆርጣል። እንደ ታሰሩም ይሞታሉ። ጥንት የገዘቱት አባቶች ሰውን ከስስቱ ነው የገዘቱት፤ እኔ ከራቡ ልግዘተው? ዛፉን ላድን ብዬ ሰዎቹን አስሬ ልሂድ?»

  ተቆጣሁ፤ ያዘንሁ ጊዜ መቆጣት ልማዴ ነው። «ታዲያ ዝም ብለን እንየው?» አልሁ።

«አላልሁም። ሰው ሲጠግብ፣ መንገዱ ሲከፈት፣ ያኔ ያለው ቄስ ይሰረው። ግማሹ ከተረፈለት።» እጄን ያዙ። እጃቸው የወፍ ያህል ቀሏል። «እኔን ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ስሞት ሳጥን እንዳታስደርጉልኝ። ከዚያ ዱር አንድ ሳንቃ በስሜ እንዳይወጣ። እንደ አባቶቼ በሰሌን ጠቅልላችሁ ቅበሩኝ።»

«የሞት ወሬ ይተዉ እንግዲህ!» አልኋቸው። ይህን የነገሩኝ ለቤቱ ሰው እንድነግር ነበር። ለእማማ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። የነገርኋቸው እንደሆነ የሚሞቱ እየመሰለኝ ዋል አደር አልሁ፤ ከዚያ መንገዱ ሊዘጋ ነው ሲባል ተጣድፌ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስሁ።

ጥር ላይ ጠዋት አንድ የበርበሬ ነጋዴ መጥቶ በሬን መታ። ፊቱን ሳይ ገባኝ። ከቡሬ ወዲያ ያለውን መንገድ በእግሬ፣ አብዛኛውን በሩጫ ነው የሄድሁት፤ ስደርስ ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብቶ ነበር።

ቅጥሩ በር ላይ ቆምሁ። አንድ ነገር ጎድሏል። ብርሃን በዝቷል። በዝግባው ቦታ ጉቶ አለ፣ ሰፊ፣ ገና እርጥብ።

ሳጥኑ መሐል ላይ ተቀምጧል። ሳንቃው ወፍራም፣ በደንብ የተላገ ነው። ጎረቤታችን መጥቶ ክንዴን ያዘኝ፤ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። «እኔ ነኝ የሠራሁት» አለኝ። «አልጋ ላይ ከዋሉ ጀምሮ ሰው ሁሉ ተነጋግሮ ነው። አንድም ሰው ለማገዶ አልነካትም ያቺን ዛፍ፣ እውነቴን ነው። ለእሳቸው ያልሆነች ለማን ትሆናለች ብለን ነው። እንዴት አየሽው?»

ልነግረው እችል ነበር። ሰሌን እንደ ፈለጉ፣ ለእኔ እንደ ተናገሩ፣ እኔም እንዳልተናገርሁ። ፊቱን አየሁት። በሕይወቱ የሠራው ትልቁ ደግነት ይህ ነው፤ በነፃ፣ ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይከፍለው።

«አምሯል» አልሁት። «እግዜር ይስጥልን።»

እማማን ከሴቶቹ መሐል አገኘኋቸው። ተቃቅፈን ቆየን። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ሆነው ነገሩኝ። ዝግባው የወደቀ ቀን አባባ ነቅተው ነበር። ምድሩ ሲናወጥ ዓይናቸውን ከፍተው «ነጎድጓድ ነው ወይ?» አሏቸው። እማማም «አዎን፣ ነጎድጓድ ነው» አሏቸው። «በጥር?» አሉ አባባ። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እስኪያርፉ ድረስ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

«ያኔ ዝግባው ሥር በአገውኛ ምን ነበር ያሉት እማማ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ለምን እዚያ ላይ እንደ ጠየቅኋቸው አላውቅም።

«ረስቼዋለሁ» አሉኝ። የረሱ አልመሰለኝም።

ካህናቱ ፍትሐቱን ጀመሩ። ሰው ወደ ሳጥኑ ሲጠጋ እኔ ወደ በሩ ወጣሁ። ጉቶው ዙሪያ ፍልጥና ስንጣሪ ተበትኗል፤ አንዷ ስንጣሪ የወጪ ወራጁ እግር እየገፋት ወደ መንገዱ ዳር ሄዳለች። ክንዴን አታክልም። አንሥቼ ወደ ጉቶው መለስኋት፤ ጫፏ ወዴት እንደ ነበር ስለማላውቅ ሁለት ሦስት ጊዜ አዟዟርኋት። ከውስጥ «እግዚአብሔር ይፍታ» የሚለው የካህናቱ ድምፅ ይሰማል። ተንበርክኬ ግንባሬን ሰጥቼ ጠበቅሁ፣ እንደ ልጅነቴ። መስቀሉን የሚያሳርፉልኝ ሰው ግን ዝግባው ውስጥ ተኝተዋል።